ሮበርት ኮክና የላሞቻችን ነቀርሳ



የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በተዘጋጀው በዚህ መጽሔት ላይ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ሕይወት መጻፋችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አባ ሰንጋን፣ የደስታ በሽታንና የከብት ነቀርሳን የማያውቅ ወይም ከአባቶቹ ያልሰማ ከብት አርቢ በመካከላችን የለም። ሮበርት ኮክ በእነዚህ በሦስቱም በሽታዎች ላይ የደከመ ሰው ነው። በሦስተኛው ላይ ግን ዓለምን ያስደነቀ ግኝትም ትልቅ ስሕተትም ትቶ አልፏል። ስሕተቱ ዛሬም እኛን ይመለከታል።

በጋሞ ምድር ከብት የኑሮ ምሰሶ ነው። የጨንቻና የዲታ ደገኛ እንሰቱን የሚያለማው በከብቱ ፍግ ነው። ብርዱ በሚጠናበት ደጋ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸውም የኖረ ልማድ ነው። የመስቀል በዓል ያለ ሰንጋ አይታሰብም። በአርባ ምንጭና በሌሎች ከተሞቻችን ዙሪያ ደግሞ የተዳቀሉ የወተት ላሞችን ገዝቶ ማርባት የብዙ ወጣቶችና እናቶች ተስፋ ሆኗል። እንግዲህ አንዲት ጤነኛ የምትመስል ላም በሽታ ይዛ ብትገባ ለቤተሰቡ፣ ለጎረቤቱና ወተቱን በአንድ ዕቃ ለሚያጠራቅመው ማኅበር ምን ታመጣለች? ኮክ በዘመኑ የተሳሳተው ይህን በመሰለ ጥያቄ ላይ ነበር።

ከማዕድን ከተማ እስከ ወረዳ ሐኪምነት

ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 1843 በጀርመን ሃርዝ በተባለው ተራራማ አካባቢ በምትገኘው ክላውስታል በተሰኘች የማዕድን ከተማ ተወለደ። አባቱ በማዕድን ሥራ ላይ የተሠማራ ሹም ሲሆን ቤተሰቡ ብዙ ልጆች ያሉት ነበር። ኮክ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1866 ተመረቀ። በዚያ ካስተማሩት መምህራን አንዱ ያዕቆብ ሄንለ ሲሆን ተላላፊ በሽታዎች ሕይወት ባላቸው ጥቃቅን ነገሮች ይመጣሉ የሚል እምነት የነበረው ምሁር ነው። በ1870 በተነሣው የጀርመንና የፈረንሳይ ጦርነት ኮክ በፈቃዱ ዘምቶ ቁስለኞችን አከመ።

ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1872 ቮልሽታይን በተባለች ትንሽ የገጠር ከተማ የወረዳ ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ከተማይቱ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። ኮክ በዚያ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ቤተ ሙከራ አልነበረውም። ቀን ቀን ሕሙማንን እያየ፣ ትርፍ ሰዓቱን ከመኖሪያ ቤቱ በከፈለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ከማይክሮስኮፑ ጋር ያሳልፍ ነበር። ከዋና ከተማ ርቀው በሚገኙ ወረዳዎች የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪሞችና የልማት ሠራተኞች የዚህን ሰው አጀማመር ልብ ሊሉት ይገባል።

መነሻው አባ ሰንጋ ነበር

በቮልሽታይን ዙሪያ አባ ሰንጋ በጎችንና ከብቶችን ይፈጅ ነበር። በታመሙት እንስሳት ደም ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ዘንግ መሰል ጥቃቅን ነገሮች መኖራቸውን ከኮክ በፊት ሌሎች አይተዋል። ነገር ግን በሽታውን የሚያመጡት እነርሱ መሆናቸውን ያረጋገጠ አልነበረም። ኮክ በእንጨት ስንጣሪ ጫፍ ደሙን ወደ አይጦች እያስተላለፈ ተከታተላቸው፤ ጀርሙንም ከበሬ ዓይን በተወሰደ ፈሳሽ ውስጥ አራባው። በዚህም ጀርሙ ሁኔታው ሳይመቸው ሲቀር ጠንካራ ዘር ሠርቶ እንደሚደበቅ ደረሰበት። አባ ሰንጋ የገደለው ከብት የወደቀበት መሬት ለረጅም ዓመታት አደገኛ ሆኖ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1876 ግኝቱን ይዞ ወደ ብሬስላው ዩኒቨርሲቲ በመሄድ ለፕሮፌሰር ፈርዲናንድ ኮን አሳየ። ሥራው በዚያው ዓመት ታተመ። አንድ የተወሰነ ጀርም አንድን የተወሰነ በሽታ እንደሚያመጣ በዚህ መልክ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ማረጋገጫውም የተገኘው ከከብት በሽታ ነው።

የነቀርሳ ጀርም ተገኘ

እ.ኤ.አ. በ1880 ኮክ በርሊን ወደሚገኘው የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ነቀርሳ በዚያን ዘመን በአውሮፓ ከሚሞቱት ሰዎች ሰባተኛውን እጅ ያህል የሚወስድ በሽታ ነበር። ብዙዎች በዘር የሚወረስ ወይም ከድካም የሚመጣ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ጀርሙን ለማየት ያስቸገረው የተለመደውን ቀለም ባለመቀበሉ ነው። ኮክ ብዙ ቀለሞችንና የአቀላለም ስልቶችን ከሞከረ በኋላ ቀጫጭን ዘንግ የሚመስሉትን ባክቴርያዎች ለማየት በቃ። በሙቀት በረጋ የደም ውኃ ላይ ዘርቶም ጠበቃቸው። ሌሎች ጀርሞች በአንድና በሁለት ቀን ሲታዩ እነዚህ ግን ከሳምንት በላይ ወሰዱ። ትዕግሥት ባይኖረው ኖሮ ምንም አልበቀለም ብሎ ይጥላቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ግኝቱን በበርሊን ለተሰበሰቡ ሐኪሞች አቀረበ። የዓለም የነቀርሳ ቀን በየዓመቱ በዚህ ዕለት የሚከበረው ለዚህ መታሰቢያ ነው። ኮክ በዚያን ጊዜ የሰውና የከብት ነቀርሳ አንድ በሽታ እንደሆነና የታመመ ከብትም ለሰው አደጋ ሊሆን እንደሚችል ያምን እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። በኋላ ሐሳቡን ለውጧልና።

ያልፈወሰው መድኃኒት

ኮክ ከዚያ በኋላ ወደ ግብፅና ወደ ሕንድ ተጉዞ የኮሌራን ጀርም መረመረ፤ ዝናውም እጅግ ገነነ። እ.ኤ.አ. በ1890 በበርሊን በተደረገ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ የነቀርሳን ጀርም የሚገታ ነገር ማግኘቱን አስታወቀ። ሕሙማን ከየአገሩ ወደ በርሊን ጎረፉ። ይሁን እንጂ ቱበርኩሊን የተባለው ይህ ፈሳሽ አልፈወሰም፤ እንዲያውም የብዙዎች ሕመም ባሰ፣ የሞቱም ነበሩ። ኮክ መድኃኒቱ ከምን እንደተሠራ ወዲያው ባለመግለጹ ትችቱ በረታበት። ፈሳሹ ከነቀርሳ ጀርሞች በግሊሰሪን ተጣርቶ የወጣ መሆኑን የተናገረው በ1891 መጀመሪያ ላይ ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ቱበርኩሊን በቆዳ ሥር ሲወጋ ነቀርሳ ባለበት አካል ላይ እብጠት ያስነሣል፤ በሌለበት ላይ አያስነሣም። ስለዚህ ሊያድን ያልቻለው ፈሳሽ ሕመምተኛውን ለመለየት አገለገለ። ዴንማርካዊው የእንስሳት ሐኪም በርንሃርድ ባንግ በዚሁ እየመረመረ ጤነኞቹን ላሞች ከታመሙት በመለየት መንጋዎችን ማጽዳት ጀመረ። ዛሬም የእንስሳት ሐኪም በላሟ አንገት ቆዳ ላይ መርፌ ወግቶ ከሦስት ቀን በኋላ እብጠቱን ሲለካ የሚጠቀምበት ምርመራ ከኮክ ፈሳሽ የመጣ ነው።

የደስታ በሽታን ተከትሎ ወደ አፍሪካ

እ.ኤ.አ. በ1887 ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ የአገራችንን ከብት ጨርሶ ክፉ ቀን የተባለውን ታላቅ ረሀብ ማስከተሉን ከአባቶቻችን ሰምተናል። በሬ ያለቀበት ገበሬ ማረሻውን ሰቀለ። ያ ወረርሽኝ በዚህ ሳይቆም ወደ ደቡብ እየወረደ እ.ኤ.አ. በ1896 ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። የዚያ ግዛት መንግሥት የጠራው ኮክን ነበር። ኮክ ኪምበርሊ በተባለው ሥፍራ ተቀምጦ በሽታው ከገደላቸው ከብቶች ሐሞት እየወሰደ ጤነኞችን በመውጋት ብዙዎቹ በሽታውን እንዲቋቋሙ የሚያደርግ ዘዴ አገኘ። ዘዴው ጉድለት ስለነበረው ሌሎች አሻሻሉት። የደስታ በሽታ ከምድር ላይ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ኮክ በ1906 እና በ1907 ደግሞ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈውን የእንቅልፍ በሽታ ለማጥናት በምሥራቅ አፍሪካ ቆይቷል። በእኛ ቆላ ከብቱን በገንዲ የምታስጨንቀው ዝንብም የዚያችው ወገን ናት።

የ1901 ስሕተት

ለከብት ይህን ያህል የደከመው ሰው እ.ኤ.አ. በ1901 በለንደን በተደረገ የነቀርሳ ጉባኤ ላይ ብዙዎች ያልጠበቁትን ነገር ተናገረ። የከብት ነቀርሳ ከሰው ነቀርሳ የተለየ ነው፤ ከከብት ወደ ሰው መተላለፉም እጅግ ጥቂት ስለሆነ በወተትና በሥጋ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ማድረግ አያስፈልግም የሚል ነበር።

መነሻው ሙከራ ነው። ከሕሙማን ሰዎች የተወሰደውን ጀርም ለጥጆች ሲሰጡ ጥጆቹ ሳይታመሙ ቀሩ፤ የከብቱን ጀርም ሲሰጧቸው ግን ክፉኛ ታመሙ። ሁለቱ ጀርሞች ይለያያሉ ማለቱ ትክክል ነበር፤ አሜሪካዊው ቴዎባልድ ስሚዝም ከሦስት ዓመት በፊት ልዩነቱን አሳይቷል። ስሕተቱ የሰው ጀርም ከብትን አልጎዳም ከሚለው ተነሥቶ የከብት ጀርም ሰውን አይጎዳም ወደሚለው መሻገሩ ላይ ነው። አንደኛውን መፈተሽ ሌላኛውን እንደ መፈተሽ አይቆጠርም።

የእንግሊዝ መንግሥት ወዲያው መርማሪ ጉባኤ አቋቋመ። ጉባኤው አሥር ዓመት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1911 የመጨረሻ ዘገባውን አቀረበ፤ የከብቱ ጀርም ሰውን በተለይም ወተት የሚጠጡ ሕፃናትን እንደሚያሳምም አረጋገጠ። ኮክ እ.ኤ.አ. በ1905 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎ፣ በ1908 በዋሽንግተን በተደረገው ጉባኤም አቋሙን ሳይለውጥ፣ ሜይ 27 ቀን 1910 በባደን ባደን ከተማ አረፈ። የመጨረሻውን ዘገባ ሳያይ ማለት ነው። በዝናው የተማመኑ ሰዎች ያልተፈላ ወተት ለልጆቻቸው ማጠጣታቸውን ሳይተዉ ቀርተው ከሆነ ዕዳው በልጆቹ ላይ ወድቋል።

ኮክ ያላነበበው ጽሑፍ

ኮክ ጀርሞችን የሚለየው በመልካቸውና እንስሳትን ሲያሳምሙ በሚታየው ምልክት ነበር። የሰውና የከብት ነቀርሳ ጀርሞች ደግሞ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። ዛሬ ሳይንቲስቶች የጀርሙን ዘረመል ያነባሉ። ዘረመል በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ እንደ ማለት ሲሆን፣ ሙሉ ጽሑፉ ጂኖም ይባላል። እናት ሴል ስትከፈል ጽሑፉ ይገለበጣል፤ በግልበጣው ወቅት አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይሳሳታል። ስሕተቶቹ በየትውልዱ ስለሚወረሱ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ይናገራሉ፤ አንድ ሰው አባቱንና አያቱን እየጠራ የዘሩን ሐረግ እንደሚቆጥር ዓይነት ነው።

የሰው ነቀርሳ ጀርም ሙሉ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1998 ተነበበ፤ 4.4 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። የከብቱ በ2003 ተነበበ፤ 4.3 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነጻጸሩ ከ10 ሺህ ፊደላት መካከል የሚለያዩት ከ5 አይበልጡም። የከብቱ ጽሑፍ ያጠረው አንዳንድ ክፍሎቹ ስለጠፉ ነው። ስለዚህ ቀድሞ እንደሚታሰበው ሰው ነቀርሳን ያገኘው ከብት ሲያላምድ ነው የሚለው ሐሳብ ተቀባይነት አጣ፤ ሁለቱ ጀርሞች ከአንድ ጥንታዊ ግንድ የተገነጠሉ ቅርንጫፎች ሆነው ተገኙ። ኮክ የተለያዩ ናቸው ያላቸው በእርግጥ ይለያያሉ፤ ነገር ግን ወንድማማቾች ናቸው።

በአገራችን የተገኘው ውጤት

ይህ ዕውቀት በውጭ አገር ብቻ የቀረ አይደለም። በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በሰበታ በሚገኘው የእንስሳት ጤና ተቋም የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር የአገራችንን የከብት ነቀርሳ ጀርም ሲያጠኑ ቆይተዋል። በዘረመሉ ምልክት ሲታይ በኢትዮጵያ ከብቶች ላይ የሚበዛው ጀርም በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በቡሩንዲም የሚገኝ የምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰብ ነው። የሙሉ ጂኖም ንባቡ ደግሞ ተራርቀው በሚገኙ የወተት እርባታዎች ላይ የቅርብ ዘመዳማ ጀርሞች ሊገኙ እንደሚችሉ አሳይቷል። ጀርም በእግሩ አይሄድም፤ የሚያጓጉዘው የላም ግዥና ሽያጭ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ በመካከለኛው ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ከሀበሻ ከብቶች 11.6 ከመቶ፣ ከሆልስታይን ከብቶች ግን 22.2 ከመቶ ነቀርሳ ተገኝቶባቸዋል። በ2012 በታተመ ሌላ ጥናት በመካከለኛው ኢትዮጵያ ከተመረመሩት የወተት ከብቶች 30 ከመቶ፣ ከእርባታዎቹ ደግሞ ግማሾቹ በሽታው ነበረባቸው። የተሻሻለ ዝርያ ይዘን የምንመጣው ብዙ ጊዜ ከዚያው አቅጣጫ መሆኑን ስናስብ ቁጥሩ ለእኛም ማስጠንቀቂያ ነው።

በሌላ በኩል ለእውነት ሲባል መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ከ900 በላይ በሆኑ ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት የከብቱ ጀርም የተገኘባቸው እጅግ ጥቂቶች ናቸው። በአገራችን ነቀርሳ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ነው። መተላለፉ ጥቂት ነው በማለቱ ኮክ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ጥቂት ስለሆነ ጥንቃቄ አያስፈልግም ማለቱ ግን ስሕተት ነው፤ ለዚያች ጥቂት ውስጥ ለገባች ሕፃን ጥቂት የሚባል ነገር የለም።

ከዚህም በላይ መንገዱ በሁለት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት በአምስት የአገራችን ቄራዎች ከታረዱ ከብቶች በተወሰደ ናሙና ላይ የሰው ነቀርሳ ጀርም በስምንት ከብቶች ተገኝቷል። በአንዳንድ አካባቢዎች እረኞች ያኘኩትን ትንባሆ ወደ ከብቱ አፍ የመትፋት ልማድ ስላላቸው ተመራማሪዎች ይህን አንዱ የመተላለፊያ መንገድ ሳይሆን እንደማይቀር ገምተዋል። ኮክ ጥጆቹን አላሳመመም ያለው የሰው ጀርም በእኛ አገር ከብት ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ ማለት ነው።

ከላሟ ጀርም የተገኘ ክትባት

ሕፃናት ሲወለዱ የሚሰጣቸው የነቀርሳ ክትባት ምንጩ የላም ጀርም ነው። ፈረንሳዮቹ ካልሜትና የእንስሳት ሐኪሙ ጌራን ጀርሙን ከ1908 ጀምሮ ለ13 ዓመታት ያህል ደጋግመው እያራቡ ጉልበቱን አደከሙት፤ በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን ተሰጠ። ከብቱን ራሱን በዚህ ክትባት መከላከል ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ችግሩ የተከተበ ከብት በቱበርኩሊን ሲመረመር እንደታመመ ሆኖ መታየቱ ነው። ዘረመሉ ሲነበብ ግን ክትባቱ ከጽሑፉ የጎደለው ክፍል ታወቀ። ከዚያ ከጎደለው ክፍል የተሠራ አዲስ ምርመራ የተከተበውን ከታመመው ይለያል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነ፣ በአገራችን በተደረገ ሙከራ የተከተቡና ያልተከተቡ ጥጆች ከታመሙ ላሞች ጋር አንድ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ክትባቱ የበሽታውን ሥርጭት በ89 ከመቶ ገደማ ሊቀንስ እንደሚችል ታየ። የታመመን ከብት ሁሉ አርዶ ካሳ መክፈል ለከበደው አገር ይህ ትልቅ ተስፋ ነው።

ለማኅበራችን የሚተርፈው

ክትባቱ ለከብቶቻችን እስኪደርስ ድረስ በእጃችን ያለውን ማድረግ ይገባናል።

አንደኛ፣ የተዳቀለች ጊደር ወይም ላም ከመግዛታችን በፊት በእንስሳት ሐኪም የቱበርኩሊን ምርመራ እንዲደረግላት እንጠይቅ። በነቀርሳ የተያዘች ላም ለረጅም ጊዜ ወፍራምና ጤነኛ መስላ ልትቆይ ትችላለች።

ሁለተኛ፣ ወተት አፍልተን እንጠጣ፣ ለልጆቻችንም አፍልተን እንስጥ። ወተት መርጋቱ ብቻውን ጀርሙን ለመግደሉ ዋስትና አይሆንም። በማሰባሰቢያ ጣቢያ የአንዲት ላም ወተት ከብዙ ላሞች ወተት ጋር ስለሚቀላቀል የአንዱ አባል ጉድለት የሁሉም ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ያሳለው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የነቀርሳ ሕክምና በነፃ ይሰጣል። እስኪድን ድረስም ከከብቶቹ ይራቅ።

አራተኛ፣ ለመስቀልም ሆነ ለሌላ በዓል በሚታረድ ከብት ሳንባ ወይም ዕጢ ላይ አይብ የመሰለ ወይም እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ እብጠት ከታየ ሥጋው ከመከፋፈሉ በፊት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ እናሳይ።

አምስተኛ፣ በረቱ አየር የሚያገኝ ይሁን። ጠቦ በተዘጋ ቤት ውስጥ የአንዷ ሳል የሁሉም ሳል ነው።

ሮበርት ኮክ በጠባብ ክፍል ውስጥ በትዕግሥት በመፈተሽ ታላቅ ሰው ሆነ፤ ሳይፈትሽ በደመደመበት አንድ ነገር ላይ ግን ተሳሳተ። እኛም ላሟን በመልኳ፣ ሻጩንም በስሙ አንመን፤ አስመርምረን እንግዛ፣ አፍልተን እንጠጣ።

መልካም በዓል!